ሻይ ስቀዳ የዋልኩበት ለቅሶ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ ተውኩት። ዛሬ የምጽፈው ድፍረት መጥቶልኝ አይደለም፤ ዝም ማለት ሰልችቶኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ መሀል ላይ ስትደርሱ "ኧረ በስመአብ!" ብላችሁ ትተዉት ይሆናል። ተዉት፣ አልቀየምም። ግን እባካችሁ መጨረሻ ላይ በረዶ እስከምጠርግበት ድረስ ታገሱኝ።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው ነገሩ። ነዳጁ ከተማውን ያሳበደበት ዘመን ነው። ሥራ እንደ ጉድ ነው፣ ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፣ ኪራይ ግን ሰማይ ነክቶ ደህና ደሞዝ እያለው መኪናው ውስጥ የሚያድር ሰው ነበር። እኔ ሰብለ እባላለሁ። ያኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር የምሠራው። ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፤ ሲሞቱም አዘጋጅቼ እሸኛለሁ። አፌ ክፉ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ፎረስት ሎን የሚባል ሠፈር ውስጥ አንድ ቤዝመንት ከፍሬ ጋር ተከራይተን እንኖር ነበር።

ፍሬሕይወት። ሰሜን ፎርት ማክመሪ፣ ነዳጅ ያለበት አሸዋ የሚቆፈርበት ቦታ፣ ጎማው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ትራክ ትነዳለች። ሁለት ሳምንት ካምፕ፣ አንድ ሳምንት ቤት። ፀጉሯን አጭር ትቆረጣለች፤ ክረምት ከበጋ ባለ መስመር የወንድ ሸሚዝ ነው የምትለብሰው። ኮሌታዋን እስከ አንገቷ ቆልፋ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሴቶቹ "ይቺ ወንዳወንድ!" እያሉ ይስቁባታል። አብራቸው ትስቃለች። ቤት ስንገባ ግን ሳቋ የለም።

"ሴት ሲሉኝ የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል" አለችኝ አንድ ቀን። "ወንድ ቢሉኝም ልኬ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁለት ዓይነት ብቻ ከሆነ እኔ ምን ልልበስ?"

"እንግዲያው ራቁትሽን ነያ!" አልኳት። እስኪያስነባት ሳቀች።

እንዋደድ ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት። እህትማማች እንደሚዋደደው አይደለም፤ ባልና ሚስት እንደሚዋደደው ነው ብልም ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም፣ እኛ ባልም ሚስትም አልነበርንምና። ማንም ደግሞ አልጠረጠረንም። የሸፈነን ኪራዩ ነው። ሁሉም ሰው ከደባል ጋር ነበር የሚኖረው፤ ሁለት ሴት አንድ ቤት ቢገቡ "ጎበዞች፣ ተጋግዘው ቻሉት" ነው የሚባለው። በሰው ፊት "አንተ" ብዬ ብጠራት እንኳ ማን ይገረማል? ሐበሻ ሴት ልጁን በወንድ ሲያቆላምጥ ነው የኖረው። የአገሩ ሕግ እንደኛ ላሉት ጋብቻ ፈቅዶ ነበር፤ ፍሬ አንዴ "እንፈራረም?" ብላኝ "ማን ሊመሰክርልን፣ ጋሼ ዘውዴ?" ብዬ ሳቅኩባት። ጋሼ ዘውዴ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሕጉ የትም ቢገባ እድር አይገባም ማለቴ ነበር።

ያን ሐሙስ ፍሬ ከካምፕ የምትመለስበት ቀን ነው። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ጥሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሺፍት ገብቼ፣ መኪናዋን የምታቆምበትን ቦታ በአካፋ እየጠረግኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ዘውዴ ናቸው።

"ሰብልዬ፣ እንደምን ዋልሽ። ቤት ነሽ?"

"ደጅ ነኝ ጋሼ። በረዶ እየጠረግኩ ነው።"

"ጎሽ። እንግዲህ አንቺ ጠንካራ ልጅ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ። ፍሬሕይወት አርፋለች።"

"ምን አሉኝ?"

"ሃይዌዩ ላይ፣ ጠዋት። መኪናዋን በረዶ አንሸራቷት። ፖሊስ እኔ ቤት መጣ፤ መጀመሪያ እዚህ አገር ስትገባ የኔን ስም ነበር ያስመዘገበችው። ነፍሷን ይማር። አሁን ስሚኝ ልጄ፤ ወንድሟ ግርማ አልሰማም። ነገ በጠዋት ተሰብስበን መርዶ እናረዳዋለን። እስከዚያ አንድም ሰው እንዳይሰማ አደራ። ድንገት ቢደውልልሽ ድምፅሽ እንዳይለወጥ። ትልቅ ፎቶም ፈልጊልን፤ የለቅሶ ቤት ፎቶ አንቺ አታጪም። በርቺ።"

ዘጉት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ አይረዳም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የሚደግፍ ይመደባል፣ ቢወድቅ የሚያነሳ በግራና በቀኝ ይቆማል። ደግ ሕዝብ ነን በዚህ፣ አልክድም። ያ ሁሉ ደግነት ለግርማ ተዘጋጅቶ ነበር። ለኔ ግን በስልክ፣ ብቻዬን፣ አካፋ በእጄ ይዤ ነው የተነገረኝ። ጋሼ ዘውዴ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። መርዶ አርጂ ፈልገው ነበር የደወሉት፤ የደወሉት ለባለ መርዶዋ መሆኑን ከየት ይወቁት?

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ጠረግኩ። ከእንግዲህ መኪና የማታቆምበትን ቦታ ጠርዙ እስኪወጣ ድረስ ጠረግኩት። ካቆምኩ የምጮህ መሰለኝ፤ ከላይ የሚኖሩት ባለቤቶች ደግሞ ሐበሾች ናቸው፣ ጩኸቱ ማርቲንዴል ሠፈር ግርማ ቤት ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።

ሲመሻሽ ግርማ ደወለ። ግርማ ታክሲ ነጂ ነው፣ ዝምተኛ። እህቱን ይወዳታል፤ ቤታችን ግን አንድም ቀን ከበር አልፎ ገብቶ አያውቅም።

"ሰብለ፣ ፍሬ ደረሰች እንዴ? ስልኳ እምቢ አለኝ።"

"መንገዱ ክፉ ነው አሉ" አልኩት። "በረዶ ነው። ትዘገያለች።"

"ምግብ ሠርተሽላታል?"

"አዎ።"

"በይ ስትደርስ ኮል ታድርግልኝ።"

"እሺ፣ እነግራታለሁ" አልኩ። ከዚያ አልጋችን ላይ ትራሷን አፌ ውስጥ ወትፌ አደርኩ።

ጠዋት ጨለማው ሳይለቅ መኪኖቻችንን ከግርማ ቤት ራቅ አድርገን ፓርክ አደረግን። ጋሼ ዘውዴ ከፊት፣ ወንዶቹ ተከትለው፣ ሴቶቹ ከኋላ። ግርማ በፒጃማ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ምንም ሳይነገረው ገባው። "እናቴ ናት?" አለ። "ፍሬሕይወት ናት ልጄ" አሉት። ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ወረደ። "እህቴ! እህቴ! እህቴን!" ቤቱ በአንድ ጊዜ ተደበላለቀ። ሰው ሁሉ እኔን እያለፈ ወደ ግርማ ይሮጣል። እኔ በሩ ጋ፣ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ፣ ፎቶዋን አቅፌ ቆሜያለሁ። አንዷ መጣችና ፎቶውን ተቀብላኝ ሄደች።

ከዚያ የግርማ ሚስት "ሰብልዬ፣ በናትሽ ሻዩን አንቺ ያዢልኝ" አለችኝ። ያዝኩ። ንፍሮ ቀቀልኩ። ብርጭቆ አጠብኩ። ግርማና ሚስቱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሰው በየተራ ጎንበስ ይልላቸዋል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላቸዋል። እኔ በመሀላቸው ትሪ ይዤ እዞራለሁ። ለኔ የተባለው ምን መሰላችሁ? አንዷ ብርጭቆዋን ስትመልስ ክንዴን ያዝ አድርጋ "አይዞሽ የኔ እህት፤ ኪራዩን ብቻሽን እንዴት ልትችዪው ነው?" አለችኝ። ሴትዮዋ ከልቧ አዝና ነው። ትሪውን አናቷ ላይ ልደፋው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እኩለ ቀን ላይ እናታቸው ከአገር ቤት በስልክ ገቡ። ድምፃቸው ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። አልቅሰው አልቅሰው፣ ዝም ሲሉ እንዲህ አሉ፦

"ግርማዬ፣ ለሠርጓ ብዬ የላክሁት ቀሚስ አለ። ባለ ወርቅ ጥለቱ። ሳትለብሰው ቀረች ልጄ። እሱን አልብሳችሁ ቅበሩልኝ። ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ በቀሚስ ልያት።"

"እሺ እማዬ" አለ ግርማ። ወደ ኩሽናው ዞረ። "ሰብለ፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ይኖራል። ታመጪዋለሽ?"

ቀሚሱን አውቀዋለሁ። ፍሬ ሳትከፍተው ከነፌስታሉ ከላይኛው መደርደሪያ አስቀምጣዋለች። ባየችው ቁጥር "እናቴ የላከችው ለሌላ ልጅ ነው፤ ያቺ ልጅ ስትመጣ ትወስደዋለች" ትለኝ ነበር። እስከዚያ ሰዓት ችዬ ነበር። ይሄን ግን አልቻልኩም።

"ፍሬ ቀሚስ አትለብስም" አልኩ።

ብርጭቆ የያዘ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

"እናቴ ናት ያዘዘችው" አለ ግርማ።

"ይሁና! በሕይወቷ ያልለበሰችውን ሞታ ምን በወጣት? ሸሚዟን ነው የምትለብሰው።"

ግርማ ዓይኑን አነሳብኝ። ቀይ ሆኗል። "አንቺ ምኗ ነሽ?" አለኝ።

ምኗ ነኝ? አፌ ክፉ ነው አላልኳችሁም? ያን ቀን ደረቀ። እህቷ ነኝ እንዳልል እህቷ አይደለሁም። ሚስቷ እንዳልል እዚያ ፍራሽ ላይ የእናቷ ለቅሶ በስልክ ይሰማል። ደባሏ ነኝ ብል እሷን ሁለተኛ መግደል ነው። ለሸሚዟ የወጣልኝ ድምፅ ለራሴ አልወጣልኝም። ሐዘን ቤት ወንበር የሚሰጠው በስም ነው፤ እናት፣ እህት፣ ሚስት፣ አክስት። ስም የሌለው ሻይ ይቀዳል።

ያዳኑኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ የሠፈሩን ሬሳ ሁሉ አልባሽ፣ ነጠላቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ሐሜት የማይወዱ ሴት ናቸው። ከተቀመጡበት ሆነው "በቃ፣ አሁን የክርክር ሰዓት አይደለም" አሉ። "ልጂቱ ሬሳ ማልበስ ሥራዋ ነው። ቀሚሱን ታምጣና ነገ እኔና እሷ እናለብሳታለን።"

በማግስቱ ቀሚሱን ከነፌስታሉ ይዤ የቀብር አዘጋጆቹ ቤት ሄድኩ። በቦርሳዬ ሌላም ነገር ይዤ ነበር፤ ቀዩን ባለ መስመር ሸሚዟን። ምን ላደርገው እንደያዝኩት ራሴም አላውቅም። ምናልባት ላሸትተው።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ፍሬ ነጭ አንሶላ ተሸፍና ተኝታለች። ፊቷ ደህና ነበር፤ ግንባሯ ላይ ብቻ ትንሽ ሰንበር። ጥፍሯ ስር የትራኩ ግራሶ ገና አልለቀቀም። እጇን ይዤ ቆምኩ። እትዬ አስካለ በሩን ዘጉ።

"አሁን ማንም የለም" አሉኝ። "ምንሽ ናት?"

"እትዬ፣ ስም የለውም።"

"ጠርጥሬያለሁ። ትናንት ቤቱ ሙሉ ሲያለቅስ አንቺ ብቻ አላለቀስሽም። ሐዘን ቤት ብዙ ውያለሁ ልጄ፤ የማያለቅሰውን ነው የማየው።" ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። "አልዋሽሽም፤ እኔ ይሄን ነገር ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ዛሬም ልቤ አልተቀበለውም። ሙግት እንዳትገጥሚኝ፣ አልችልሽም።"

"አልሟገትም።"

"ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ምንድነው?"

አወጣሁት። ተቀብለው እንደ ሕፃን ልብስ ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ኮሌታውን በጣታቸው ዳበሱት።

"እናቷ ደግሞ እናት ናት" አሉ በመጨረሻ። "ልጇ ሞታባት በቀሚስ ልያት አለች፤ ይሄ አይከለከልም። እንግዲህ ከላይ ለእናቷ፣ ከስር ለሷ።"

ሸሚዙን እኔ አለበስኳት። ክንዷ እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ግራ ትከሻዋን ያማት ስለነበር ከካምፕ ደክማ ስትመጣ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማወልቅላት። ቁልፎቹን ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ ቆለፍኩ። የመጨረሻውን፣ የአንገቷን፣ ስቆልፍ አለቀስኩ። እትዬ አስካለ "አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ አንቺ ካላለቀስሽላት ማን ሊያለቅስላት ነው" እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ አንድ ላይ ቀሚሱን ከላይ አጠለቅንላት። ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጥፈን ነጠላ አንገቷ ላይ ጣል አደረግን። ከውጭ ለሚያያት ሙሽራ ነበረች።

በቀብሩ ዕለት ሳጥኑ ተከፍቶ ሕዝቡ ተራ በተራ ተሰናበታት። "ውይ እንዴት አምሮባታል! እንዲህ ውብ ነበረች?" ሲሉ እሰማለሁ። ፎቶ ተነሳላት። ግርማም ቀረበ፣ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ አስተካከለላት፤ ከዚያ "እህቴ!" እያለ ወሰዱት። እኔ ከኋላ ነበርኩ። የኔ ተራ ሲደርስ ሳጥኑን ያዝኩና አፌን ከፈትኩ።

ለቅሶ ስም ይፈልጋል። "እናቴ" ብለህ ነው የምትጮኸው፣ "ወንድሜ" ብለህ፣ "ጋሻዬ" ብለህ። እኔ ምን ብዬ ልጩህ? አላሰብኩበትም፤ ብቻ ከሆዴ ወጣ።

"የኔ ሰው! የኔ ሰው! ሰው አልነበረኝም፣ የኔ ሰው!"

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ደባል እንዲህ አይጮኽም፤ ይሄን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ከጎኔ የነበረችው ሴት ክንዴን ለቀቀችኝ። እትዬ አስካለ ከኋላ መጥተው ወገቤን ያዙኝ፤ ጉልበታቸው እያመማቸው እስከ ጉድጓዱ አልለቀቁኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ግርማ ሣልስቱ ሲወጣ ፒክአፕ ተውሶ መጣና ዕቃዋን ወሰደ። ቤታችን የገባባት የመጀመሪያዋ ቀን ያቺ ናት። አንድ አልጋ ብቻ እንዳለ አየ። ምንም አላለኝም፣ አላየኝምም። እኔም ከእድሩ ወጣሁ፤ ማንም አላስወጣኝም፣ ማንም ግን ስልክ አልደወለልኝም። እትዬ አስካለ ብቻ እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ "ጾም ፈታሽ?" እያሉ ይደውሉልኝ ነበር። ስለዚያ ቀን ሁለተኛ አላነሱም።

ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ጾታና ስለ ፍቅር የሚያስተምር ኮርስ ወሰድኩ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ሳጥን ሳጥን ሠራች፤ ሴት፣ ወንድ፣ ባል፣ ሚስት። "እነዚህን ሳጥኖች ሰው ነው የሠራቸው" አለች፤ "ሰው የሠራውን ሰው ይጠይቀዋል።" ተነስቼ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ፍሬ ይሄን ብትሰማ ብዬ። ለዓመታት ብቻዋን ስትጠይቀው የኖረችውን ጥያቄ የጠየቀ ሌላ ሰው ነበረ ለካ፤ መጽሐፍ ሙሉ ተጽፎበታል። ዛሬ ለኔና ለእሷ ዓይነቱ ሰው ብዙ ስም አለ፤ ወጣቶቹ ሲጠሩት ደስ ይለኛል። ግን የትኛው የፍሬ እንደሆነ ሲጠይቁኝ አላውቅም፤ ሳትመርጥ ሞተች። ብትኖር "ሱቁ ሰፋ አይደል? እስቲ ልለካው" ትል ነበር። እስከ ዛሬ "እሷ" እያልኩ የምጽፈው እንኳ ሌላ ስለጠፋኝ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እመኑኝ አልላችሁም፣ ሃይማኖታችሁን ተዉም አልላችሁም። እትዬ አስካለም አልተዉም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለቅሶ ቤት ስትገቡ ፍራሹ ላይ የተቀመጡትን ከሳማችሁ በኋላ፣ ትሪ ይዛ የምትዞረውን አንድ ጊዜ ዓይኗን እዩት።

ባለፈው ክረምት፣ ያው በረዶ ስጠርግ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አሁንም እዚያው ፎረስት ሎን ነኝ፤ አካፋውንም አልቀየርኩት።

"ሰብለ፣ ግርማ ነኝ።"

ድምፁ አርጅቷል።

"እናታችን አረፈች" አለኝ። "ያ ፎቶ እስክትሞት ራስጌዋ ነበር።"

"ነፍሷን ይማር ግርማ።"

"አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው። ያን ቀን ስስማት… ኮሌታው ወጥቶ ነበር። ቀዩ ሸሚዝ። እኔ ነኝ ወደ ውስጥ የመለስኩት። ሰው እንዳያይ።"

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ያኔ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቀሚሱን አስገልጦ ሊያስወልቃት ይችል ነበር። አላስወለቃትም።

"ስለ እኛ አውቀህ ነው?" አልኩት።

"ቆይቶ ነው የገባኝ። አልጋውን ሳይ።" ሲተነፍስ ይሰማኛል። "ያን ቀን ቤቴ ስንት ሰው መጣ። ሁሉም ለኔ ነው ያለው። ላንቺ ማንም አላለሽም፤ እኔም አላልኩሽም።" ቆመ። እያለቀሰ ነው። "ሰብለ፣ እግዜር ያጥናሽ።"

"አሜን" አልኩት። በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያልኩት።